ከተኩስ በኋላ የቀረው ናስ

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወርድ ሰው፣ በግራና በቀኝ የተገተሩትን የመስተዋት ሕንፃዎች ሽቅብ ማየቱን ትቶ ምድር ቤታቸውን ቢያስተውል፣ በባንኩና በቡና መሸጫው መካከል የተወሸቁ፣ ለመንገደኛ የሚሆን ስጦታ የሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች ያገኛል። በነዚህ ሱቆች ውስጥ የሸክላው ጀበና፣ ጥለቱ የደመቀው ነጠላ፣ በላሊበላና በጎንደር አምሳል የተሠራው የአንገት መስቀል እንደ ልማዱ ተሰድሮ ይታያል፤ ከነዚህም አጠገብ፣ ወርቅ ለመምሰል የሚቃጣው ነገር ግን ወርቅ ያልሆነ፣ በጥቁር ክር የተሰካ የናስ ጨሌ ተንጠልጥሏል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከባሕር ማዶ ለሚመለስ ልጃቸው ስጦታ የሚመርጡ አንድ አዛውንት ይህንኑ ሐብል አንሥተው ያገላብጡ ነበር። ሻጯ ወጣት ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ እሱ ከቀለህ የተሠራ ነው፤ የጥይትና የመድፍ ቀለህ ቀልጦ ነው» አለቻቸው። አዛውንቱ ጨሌውን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ጥቂት ከመዘኑት በኋላ፣ «እኛ አገር ቀለህ አይቀልጥም ነበር የኔ ልጅ፤ መልሶ ይሞላ ነበር እንጂ» ብለው ሳቁ። ልጅቱም አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን የገባት አይመስልም ነበር።

የአዛውንቱ ቃል እውነት ነው። ስለ ጦር መሣሪያችን ታሪክ በተጻፈው ሁሉ ጠመንጃው በስሙ፣ በሀገሩና በዓይነቱ ተለይቶ ይወሳል፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር እየተባለ በቀረርቶና በፉከራ ይሞገሳል። በጠመንጃው ቂጥ ገብቶ የወጣው ባዶ ናስ ግን ጸሐፊ አላገኘም፤ ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ግን ኢትዮጵያ በምን እንደበረታችና በምን እንደቸገራት ከጠመንጃው ይልቅ አስተካክሎ የሚመሰክረው ይኸው ባዶ ናስ ነው።

አንድ ጥይት በአራት ነገር ይቆማል፤ ወደ ፊት የሚበረው እርሳስ፣ እርሳሱን የሚያባርረው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው በቂጡ የተሸጎጠ እሳት ጫሪ፣ እነዚህንም ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው ቀለህ። ቃታው በተሳበ ጊዜ እሳት ጫሪው ይከስማል፣ ባሩዱ ጢስ ይሆናል፣ እርሳሱም ወደ ተላከበት ይሄዳል፤ ቀለህ ብቻ ግብሩን ፈጽሞ በተኳሹ እግር ሥር ይወድቃል። በዚያች እጅግ አጭር ቅጽበት የሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። የባሩዱ እሳት ሲነሣ የቀለሁ ግድግዳ ይለጠጥና ከጠመንጃው ጉሮሮ ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም እሳቱ ወደ ኋላ ሾልኮ የተኳሹን ፊት እንዳይለበልብ መንገዱን ይዘጋል፤ ግፊቱ እንደ በረደም መልሶ ይሸማቀቅና ያለ ችግር ተስቦ ይወጣል። መዳብ ብቻውን ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል፤ ዚንክ ብቻውን ይሰበራል፤ ሰባ እጅ መዳብና ሠላሳ እጅ ዚንክ የተዋሐዱበት ናስ ግን መለጠጥንም መመለስንም አንድ ላይ ይዞ ተገኘ።

ይህን ናስ ቀለህ ማድረግ ደግሞ ከመዶሻና ከመስፍ በላይ ነው። ከናስ ቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ በከባድ መጫኛ ተገፍቶ መጀመሪያ ጽዋ ይሆናል፤ ጽዋው ደጋግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ይረዝማል፤ በየጊዜውም ብረቱ እየደረቀ ስለሚሄድ ለእሳት ቀርቦ መለስለስ አለበት፤ በመጨረሻም ቂጡ ተደቁሶ አፉ ይጠባል። እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ባሩድ የሚወቅጥም ነበረ፤ ቀለህ የሚጎትት መጫኛ ግን ለረጅም ዘመን በጎጃምም በሸዋም በትግራይም አልነበረም። ነገራችን ከዚህ ላይ ይታሰራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ከአውሮፓ የመጡትን የወንጌል መምህራንና የእጅ ባለሙያዎች አስገድደውም አባብለውም፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስፈሰሱ፤ ምስሉም ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ የተገናኛቸው የእንግሊዝ ሠራዊት ግን የያዘው ከኋላ የሚጎርስ ሰናድር ጠመንጃ ነበር፤ የዚያም ጠመንጃ ጥይት ቀለህ ከስስ የናስ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተሠራ፣ ዝናብ የማያጠፋው፣ በአንድ እጅ ተጎርሶ በአንድ ጣት የሚተኮስ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሶ፣ እርሳሱን በዘንግ ወቅጦ እስኪጨርስ ድረስ ባለ ሰናድሩ ብዙ ጊዜ ይደግም ነበር። ታላቁን መድፍ ያፈሰሰ ጥበብ ይህችን የጣት ያህል የምትሆን የናስ ጽዋ ማበጀት አልቻለም፤ ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ሚዛኑን ለማሳየት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ጠመንጃ በማግኘት አልተቸገሩም ማለት ይቻላል። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ሠራዊት ድል ባደረጉ ጊዜ እጅግ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ለሠራዊቱ በመረጠ ጊዜ፣ አሮጌው የግራ ጠመንጃ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ለነጋዴ ተሸጠ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ሸዋ ጎረፈ። ሕዝቡ ውጅግራ ያለው ይህ ነው። ዐሥራ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ባለው አፉ ሃያ አምስት ግራም የሚያህል ልሙጥ እርሳስ ይተፋል፤ ጢሱም ተኳሹን ይሸፍነዋል። የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከያዛቸው ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች መካከል ይህ አንዱና ዋናው ነበር።

ጠመንጃው ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል፤ ጥይቱ በየቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ባላገሩ ከተኮሰ በኋላ ቀለሁን ከሣር ውስጥ ፈልጎ ያነሣ ነበር። እርሳሱ በሦስት መቶ ሃያ ሰባት ዲግሪ ይቀልጣልና የምድጃ እሳት ይበቃዋል፤ ባሩዱም ከአገር ውስጥ የባሩድ ጨውና ከአፋር ምድር ከሚመጣው ዲን ከከሰል ጋር ይወቀጣል፤ ብርቱ የሚያስጨንቀው እሳት ጫሪው ነበር፤ እርሱ ከነጋዴ እጅ ካልመጣ አይገኝም። በዚህ ሁኔታ የተሞላ ጥይት እንደ አዲሱ አይሄድም፤ አንዳንዱም ይከሽፋል። በከሸፈም ጊዜ የተኳሹ ነፍስ በእግዚአብሔርና በጎራዴው እጅ ናት።

የጥይት ዋጋ ከጦር ሜዳ አልፎ ወደ ገበያም ወረደ። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በብዙው የኢትዮጵያ ገበያ፣ የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ሸቀጥ እየከበደ ባስቸገረ ጊዜ፣ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን መመንዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ምኒልክ በመልካቸው የተቀረጸ ብር ካሳተሙ በኋላም ቢሆን ባላገሩ ጨውንና ጥይትን ቶሎ አልተወም። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ጨው ቢተርፍ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ጥይት ቢተርፍ ዝናር ውስጥ ይገባል፤ የንጉሥ መልክ ያለበት ሳንቲም ግን ከገበያ ቢመለስ ሌላ ጥቅም የለውም።

ስለ ዝናር ካነሣን አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። እንግሊዞች በሕንድ አገር ሳሉ፣ በክረምት ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያስቀመጡት ጥይት ማንም ሳይነካው አንገቱ እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር። ብዙ ዘመን ምሥጢሩ ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1921 የብረታ ብረት ሊቃውንት እንደ ገለጹት፣ ከከብት ሽንትና ፋንድያ የሚወጣው አሞኒያ የሚባለው እስትንፋስ ነው ተወጥሮ የቆየውን ናስ የሚሰነጥቀው። በቅሎውና ጌታው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የደጋ ቤት ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ዝናር ስንት ቀለህ እንደ ተሰነጠቀበት መገመት አያዳግትም። ባለቤቱም ሰላቢ ወይም ምቀኛ ነክቶብኝ ነው ብሎ ሳያስብ አይቀርም።

ወደ እርሳሱ እንመለስ። በእናት አገሩም ሆነ በባዕድ፣ በቤት ውስጥ ጥይት የሚሞላውን ሰው ሁሉ ከሥራው ያፈናቀለው አዲሱ ባሩድ ነው። ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ባገኘ ጊዜ የጥይት ፍጥነት እጅግ ጨመረ፤ ልሙጥ እርሳስም ይህን ፍጥነት አልቻለም፤ በአፈሙዙ ጥምዝ ላይ እየተፋቀ ጠመንጃውን ያቆሽሸውና ኢላማውን ይስት ጀመር። ኤድዋርድ ሩቢን የተባለው የስዊስ መኮንን ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ እርሳሱን የመዳብ ልብስ አልብሶት ነበር። ልብሱ ጥምዙን ይይዛል፣ እርሳሱ ክብደቱን ይሰጣል፤ ሁለቱም ተስማምተው ይሄዳሉ። ከለበን ጀምሮ እስከ ዛሬው ክላሽንኮቭ ድረስ የጦር ጥይት ከሞላ ጎደል ልብስ ለባሽ ነው። እርሳሱን በምድጃ አቅልጦ በጭቃ ቅርጽ የሚያፈሰው ባላገርም ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሮጌ ጠመንጃ ሰው ሆኖ ቀረ።

ይህ የልብስ ነገር በሕግም ገብቷል። እርሳሱ ከፊት ገላውን የወጣ ጥይት ሥጋ ውስጥ ገብቶ ስለሚደፈጠጥና ቁስሉን ስለሚያሰፋ፣ በካልካታ አጠገብ ባለው የእንግሊዝ የጦር ግምጃ ቤት ስም ዱምዱም ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተደረገው ስምምነትም ከለከለው። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ ብላ በጄኔቭ ስትከስ፣ በዚያው ወራት አውሮፕላኖቿ በሠራዊቱና በገበሬው ላይ የኢፔሪት መርዝ ያርከፈክፉ ነበር። ጦር መሣሪያ ማግኘት በቸገረን በዚያ ሰዓት የአያቱን ውጅግራና የአያቱን ልሙጥ እርሳስ ይዞ የወጣውን ባላገር በሄግ ውል መክሰስ፣ ለከሳሹ ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ ማሰብ ይበቃል። አርበኛውም በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ከጠላት የማረከውን እየተኮሰ፣ የራሱን ቀለህ ከመሬት እየለቀመ ነው የዘለቀው።

ሽማግሌው «መልሶ ይሞላ ነበር» ያሉት ነገር ለእኛ የድህነት ጥበብ ነበር። በአሜሪካ ግን በዚያው ዘመን በሌላ መንገድ ተከሠተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ሁሉ ለጦር ፋብሪካ ስለ ተሰጠ አዳኞች ለጥይታቸው ልብስ አጡ። በዚህ ጊዜ ቨርነን ስፒርና ፍሬድ ሃንቲንግተን የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ተተኩሶ የተጣለውን የትንሿን ጥይት ቀለህ እያነሡ ልብስ አደረጉት። ሃንቲንግተን ያቋቋመው አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም፣ በድንጋይ ሥር የሚኖረውን ሮክ ቸክ የተባለ አውሬ ለሚያድኑ ሰዎች ከሠራው የጥይት መጫኛ የመጣ ነው።

ነገሩ በጠቅላላ ሲታይ እንዲህ ነው። ባዶው ቀለህ እርሳሱን በሆዱ ይዞ በጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባና በከባድ ክንድ ይጨመቃል፤ ናሱም እርሳሱም ያለ መቅለጥ፣ እንዲያው በግፊት ብቻ፣ የቅርጹን መልክ ይይዛሉ። ትናንት ባሩድ ተሸክሞ የነበረው ናስ ዛሬ ራሱ የሚበረው ይሆናል። ብልሃቱን ለማድነቅ ያህል ይህ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ መሄድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትን ይከለክላል፤ ደግሞም ይህን የመሰለው የትርፍ ጊዜ ሥራ፣ የአውሬ አደን ጨዋታ በሆነበት አገር እንጂ ጥይት በሰው ላይ በሚቆጠርበት አገር ጨዋታ አይሆንም።

ቀለህ የሚጎትተው መጫኛ ዘግይቶ መጣ። ከድል በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በቼኮዝሎቫኪያ ባለሙያዎች ርዳታ አዲስ አበባ የጥይት ፋብሪካ አገኘች፤ ኋላም በአምቦ አቅራቢያ ሆሚቾ ተተከለ። ከጋፋት እስከ አዲስ አበባው ፋብሪካ ድረስ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፏል። በደርግ ዘመን ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት የጎረፈው ጥይት ለልክ የሚያስቸግር ስለሆነ፣ ቀለህ ማንሣት የሚባለው ልማድ በአንድ ትውልድ ጠፋ። ቀለህ ከመሬት የሚለቅም ሠራዊት የቸገረው ሠራዊት ነው፤ ቀለህ እንደ አሸዋ የሚፈስበት አገር ግን የከፋ ነገር አግኝቶታል።

የዛሬውን ናስ ለማግኘት ከቦሌ ሱቅ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገርጂና ሰሚት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሲኤምሲና አያት መሄድ ይሻላል። በማለዳ ኮንዶሚኒየሞቹ መካከል «ቆራሌው!» እያለ ጆንያውን አንጠልጥሎ የሚዞረው ልጅ ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ሚስማር፣ የተጣመመ ድስት፣ ከናስ የተሠራ የውሃ ቧንቧ ቁልፍ ይሰበስባል። የሰበሰበው በየሰፈሩ ካለው መጋዘን ይደርሳል፤ ከመጋዘኑም ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ አቅላጩ ይሄዳል። መጋዘኑ ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ በገመድ የታሰረ ማግኔት አለ። የዚህ ማግኔት ጥቅም ብዙ ሰው የማይገምተው ነው፤ የክላሽንኮቭ ቀለህ አብዛኛው ናስ ሳይሆን ቀለም ወይም ስስ መዳብ የተቀባ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል፤ ይኸውም ከተራ ቁርጥራጭ ብረት ጋር ይጣላል። ማግኔቱ የማይነካው የናስ ቀለህ ግን ለብቻው ይቀመጣል። ስለዚህ በሐብሉ ላይ ያለው ናስ ከጠመንጃ ይልቅ ከመድፍና ከከባድ መትረየስ የመጣ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ከቤት ቁልፍና ከቧንቧ የመጣም ይቀላቀልበታል፤ አቅላጭ ናስን በዘሩ አይጠይቀውም።

ጨሌውን ከሚሠሩት መካከል ስማቸው በሰፊው የታወቀው ከከተማይቱ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር ያሉት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደማቸው ተገኝቶ፣ ጸበል ፍለጋ ከየአውራጃው ወደ እንጦጦ የመጡ፣ ከዚያም እንጨት በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ከተማ በመውረድ ይተዳደሩ የነበሩ ናቸው። እንጦጦ ቤት አርቲዛንና የመሳሰሉት ማኅበራት ግብረ እድ ካስተማሯቸው በኋላ የሠሩት ሐብል በአሜሪካ ሬቨን ኤንድ ሊሊን በመሰሉ ሱቆች ተሸጧል። ቀለሁ በየጦር ሜዳው ከሚያርሱ ገበሬዎች እጅ ተገዝቶ ይመጣል፤ ማረሻ ሲገለብጠው የሚወጣ ነውና።

የማቅለጡ ሥራ እንዲህ ነው። ናሱ ከዘጠኝ መቶ ዲግሪ በላይ ካልጋለ አይፈስም፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ግን ዚንኩ ይፈላል፤ ነጭ ጢስም ከማቅለጫው አፍ ይነሣል። ያንን ጢስ በተዘጋ ቤት የማገ ሠራተኛ ወደ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ አጥንቱ ይቆረጠማል፣ እንደ ወባ ያንዘፈዝፈዋል፤ በማግሥቱ ይተወዋል። ልምድ ያለው አቅላጭ ስለዚህ ምድጃውን ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ያደርጋል። አሠሩ ከላይ ከተገፈፈ በኋላ ናሱ በቅርጽ ይፈሳል፤ የበረደው ይቀጠቀጣል፣ ይቀጥናል፣ ይቆረጣል፣ ይበሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ የሞረድና የትዕግሥት ነው። አንዲት ጨሌ ከሌላይቱ ጋር ፍጹም እኩል አትሆንም፤ ገዥውም የሚወድላት ይህንኑ ነው።

ይህ ሥራ ዛሬ በቦሌ መስተዋት ውስጥ በክብር መቀመጡ አንድ የቆየ ዕዳ ያስታውሰኛል። ብረት ቀጥቃጩንና ናስ አቅላጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲንቅ የኖረ ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ የሥራ ጥላቻውም አገሪቱን ወደ ኋላ እንዳስቀረ በግልጽ ተናግረዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። ቀለህ የሚጎትት መጫኛ ያጣነው ከባሕር ርቀን ብቻ አይደለም፤ በመስፍ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ከማዕዳችን ስላራቅነውም ነው። የማርያ ቴሬዛን ብር አቅልጦ ለካህኑ የእጅ መስቀል፣ ለሙሽራይቱ ድሪ የሠራው ያው ሰው ነበር፤ ንዋየ ቅድሳቱን ተቀብለን ሠሪውን ከደጅ መልሰነዋል።

አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በር እንደርሳለን። ቦሌ ላይ በፍተሻ መስኮት የሚያልፍ መንገደኛ ጨሌውን በአንገቱ አድርጎ ቢያልፍ ማንም አይጠይቀውም፤ ለመታሰቢያ ብሎ ያልቀለጠ ቀለህ በቦርሳው ቢይዝ ግን፣ ባዶም ቢሆን፣ ከሰልፍ መነጠሉና ማስረዳቱ አይቀርለትም። ፈታሹ ትክክል ነው። በመስተዋት ላይ የሚታየው ቅርጽ ባዶውን ከሙሉው አይለይም።

ባዶውን ከሙሉው አለመለየት ደግሞ በዚህች ከተማ ዋጋ ተከፍሎበታል። የደርግ መንግሥት በወደቀ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በንፋስ ስልክ የነበረው የጥይት ግምጃ ቤት በሌሊት ፈንድቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ፍንዳታውን ሊቀርጹ ከደረሱት ጋዜጠኞች መካከል ኬንያዊው ጆን ማታይ በዚያው ሞተ፤ የ1977ቱን ረኃብ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚንም አንድ ክንዱን አጣ። አሚን ከዚያ ተርፎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣውና በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሕይወቱ አለፈ።

አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ከባዶ ቀለሆች መካከል ተደብቆ ወደ ማቅለጫ ቢገባ ያው ግምጃ ቤት በትንሹ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃው አቅላጭ እያንዳንዱን ቀለህ በአፉ በኩል ለብርሃን አቅንቶ ያያል፣ እርሳስ ያለበትን ይለያል፣ ቂጡ ላይ የመርፌ ጠባሳ የሌለበትንም አይቀበልም። ይህ ጥንቃቄ ግን ለአቅላጩ ብቻ የሚተው አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ጦርነት ወዲህ በሰሜኑም በሌላውም አገር ልጆች ከሜዳ የሚያነሡት ብረት በዝቷል፤ የሚያነሡትም ለጨዋታ ወይም ለቆራሌው ለመሸጥ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በእርሻህም ሆነ ከአባትህ በወረስከው ሳጥን ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ምንነቱን ያላወቅኸው የጦር ብረት ብታገኝ፣ አትቀጥቅጠው፣ ለእሳት አታቅርበው፣ ለቆራሌውም አትሽጠው፤ ልጆችን አርቀህ፣ ቦታውን ምልክት አድርገህ በአቅራቢያህ ላለው ፖሊስ ንገር።